ቤታችን ሁሌ ሰው ነው፤ ለልጃችን እንዴት ጊዜ እናውጣ? (ከደብረ ማርቆስ)

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ። ብዙ ጊዜ የናንተን እያነበብኩ ዝም እል ነበር። ዛሬ ግን ካልጠየቅኩ አይቀለኝም።

እኔና ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምናገለግለው። ከመጣን ሁለት ዓመት አለፈን። የላከችን ቤተ ክርስቲያን አዲስ አበባ ናት። እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፤ እሱ ባሕር ዳር ነው ያደገው። ሥራችን በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለቀን ሥራ ከገጠር ከገቡ ወጣቶች ጋር ነው። ልጃችን 14 ወሯ ነው።

የተከራየነው ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ መኝታችን ነው። ሌላው ሳሎንም ማድ ቤትም መሰብሰቢያም ነው። ማክሰኞ ማታ የተማሪዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። ሐሙስ የቀን ሠራተኞቹ ይመጣሉ። ቅዳሜ መዘምራኑ። በቀረው ቀን የከፋው፣ የራበው፣ ከቤት የተባረረው ይመጣል። መምጣታቸውን እወደዋለሁ። እናቴ ቤት ያደግኩት «የመሸበት ነኝ» ላለ ሁሉ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው። በር መዝጋት አላውቅበትም።

ባለፈው ሐሙስ ልጄን አተኮሳት። ሳሎኑ ውስጥ 13 ሰው ነበር። ባለቤቴ አባቱ የሞተበትን ልጅ ሊያጽናና ሄዷል። ውሃ ላሞቅላት ፈለግኩ። ምድጃው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ ጀበና ተጥዶበታል። ጸሎት ላይ ነበሩ። «አንሱልኝ» ማለት አፈርኩ። ልጄን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና አለቀስኩ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው እሱም አለቀሰ። «ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ሌላም አለ። የሚላክልን ድጋፍ አንዳንድ ወር ይዘገያል፤ ለመጠየቅ እናፍራለን። እናቴ ደግሞ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስላልተነሳች እስካሁን ልቧ አልረጋም። ሳላያት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናንተ በዚህ ያለፋችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት?

የሁለት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)፦

እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ የልጅቷን ነገር ልበልሽ። ሕፃን ልጅ ካተኮሳት ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። 13ቱም ቢሆኑ ይዘውሽ ይሄዱ ነበር። ደግሞ 14 ወሯ ከሆነ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ነው፤ በወከባ መሀል እንዳይረሳሽ።

እኔ በመጀመሪያው ልጄ ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። ቀበሌ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ነው የጀመርነው። ልጄ የሚተኛው ሰው ሲወጣ ነበር፤ አንዳንዴ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ጠዋት ሲነጫነጭ ይውላል፤ እኔም እንደዚያው።

መጀመሪያ ያደረግነው ሰዓት መቁረጥ ነው። ጥናቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፣ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። ባለቤቴ ራሱ ተነስቶ ይጸልይና በሩን ይከፍታል። እኔ አልናገርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሂዱ» የምትል ሚስት ስም ይወጣላታል፤ ባል ሲናገር ግን ሥርዓት ይሆናል። ስለዚህ ይህን ለባለቤትሽ ስጪው። አሁን ሲመሽ ባጃጅ ማግኘትም ስለሚያስቸግር፣ ቀድሞ መጨረሱ ለልጆቹም ደኅንነት ነው።

ቀጥሎ አንድ ቀን ለራሳችን ያዝን። ለኛ ሰኞ ነው፤ እሑድ ለአገልጋይ ዕረፍት አይደለምና። ሰኞ ስልኩን ለአንድ ሽማግሌ እንሰጣለን። የሞት ወይም የሕመም ነገር ከመጣ እሳቸው ይጠሩናል። ሌላው ማክሰኞ ይደርሳል። ጣና ዳር ሄደን ልጆቹ ድንጋይ ሲወረውሩ ቁጭ ብለን እናያለን። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሰው ቅር አለው። በሦስተኛው «ሰኞማ የነሱ ነው» ማለት ጀመሩ።

ደግሞ ዛሬውኑ ምድጃውን ከሳሎን አውጪው። በረንዳ ላይ ቆርቆሮ አስመቺና እዚያ አድርጊው። የቤትሽ እሳት የሰው ፈቃድ የምትጠይቂበት ቦታ መሆን የለበትም።

አንድ ወንድም (ቡሬ)፦

እህቴ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ተማሪ ከተማው ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው። ዛሬ በሩ የተዘጋበት ልጅ ነገ ላይመለስ ይችላል። ደቀ መዛሙርቱም ሁሉን ትተው ነው የተከተሉት። መስቀል መሸከም ይከብዳል፤ ግን የተጠራንበት ነው። በርሽን አትዝጊ እላለሁ።

የሁለት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ መስቀሉን እሷ ወዳ ተሸክማለች። የ14 ወሯን ልጅ ግን ማን ጠየቃት? በሩ ይዘጋ ያለ ሰው የለም። በ2 ሰዓት ይዘጋ ነው ያልነው።

አንድ ወንድም (ቡሬ)፦

ይህን አላሰብኩትም። እኔ ገና ልጅ የለኝም። ይቅርታ እህቴ።

ጡረታ የወጣ ወንጌላዊ (ደብረ ማርቆስ)፦

ልጄ፣ ያለሽበትን ከተማ አውቀዋለሁ። ወንድማችን የተናገረውንም እኔ በወጣትነቴ እል ነበር። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ የምንገናኘው በየቤታችን ነበር። አምስት ስድስት ሆነን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። ያኔ ቤቱን የከፈተ ሰው ሕይወቱን ነው የሰጠው። ከ1983 በኋላ በግልጽ መሰብሰብ ቻልን፣ አዳራሽም አገኘን። እኔ ግን ልማዱን አልተውኩም። የክፉ ቀን መፍትሔ የነበረውን የዘወትር ሕግ አደረግኩት። ባለቤቴ 20 ዓመት በሰው መሀል አብስላ፣ በሰው መሀል አጥባ ኖረች። አንድ ቀን አላጉረመረመችም። እኔም ዝምታዋን ደስታ አደረግኩት።

የመጀመሪያ ልጄ ዛሬ 40 ዓመት አልፎታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡና ስንጠጣ፣ «አባዬ፣ ልጅ እያለሁ ካንተ ተማሪዎች አንዱ ብሆን ብዬ እመኝ ነበር» አለኝ። ምን ልመልስለት? እሱ ደጅ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ እኔ ውስጥ ስለ አባትነት አስተምር ነበር።

ባለቤትሽ ዘጸአት 18ን ያንብብ። ሁላችንም የምንሰብከው ዮቶር ለሙሴ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም ማለቱን ነው። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በሌላ ነገር ነው። ዮቶር የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች ይዞ ነው የመጣው። በማግስቱ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ አየውና «ትደክማለህ» አለው። ከልጁና ከልጅ ልጆቹ ጋር የመጣ አማት ነው ይህን ያየው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ለባለቤትሽ ንገሪው፦ የማክሰኞውን ጥናት የሚመሩ ሁለት ተማሪዎች አሁኑኑ ያሠልጥን። ሦስት ወር አብሯቸው ይቀመጥ፤ በአራተኛው እነሱ ይምሩ። ከፈለገ እኔ ጋ ይምጣና እንነጋገር። ቤቴን ሰው ያሳየዋል።

የቀድሞ ተማሪ (ዳንግላ)፦

እኔ እንደነዚያ ልጆች ነበርኩ። የአንድ አገልጋይ ቤት ነው ያደግኩት ብል ይቀላል። ባለቤቱ መድከማቸውን ያወቅነው ታመው ሲተኙ ነው። ሁላችንም አፈርን። ንገሩን እባካችሁ። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ስኒ ማጠብ፣ ሕፃን ማዘል እናውቃለን። እየበላን ዝም ብለን ስንቀመጥ ነው የምንሳቀቀው። ስኳርና ቡናውን በተራ እናምጣ ብንል እንኳ እናንተ እምቢ ትላላችሁ። እምቢ አትበሉ።

የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ (ፍኖተ ሰላም)፦

ስለ ገንዘቡ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። እኔ በላኪ በኩል ነኝ። ድጋፍ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ቀን ስላልተቆረጠ ነው። መዋጮ ሲሞላ ይላካል። እናንተ ዝም ስትሉ «ደኅና ናቸው» ይባላል።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ልመና አታድርጉት፤ የሥራ ደብዳቤ ይሁን። በየወሩ ስንት፣ በየትኛው ቀን እንደሚላክ ይጻፍ። የቤት ኪራይ ለብቻ፣ የእንግዳ ወጪ ለብቻ ይቀመጥ። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወር ሙሉ ለቡና፣ ለስኳር፣ ለሽሮ፣ ለከሰል የወጣውን መዝግቡ። እኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ እንዲህ መዝግቦ ሲልክ ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። የአገልግሎቱ ወጪ ከልጆቹ ወተት ላይ ሲወጣ እንደኖረ ማንም አላወቀም ነበር። በሚቀጥለው ወር ተስተካከለ።

የዓመት ዕረፍትና የወሊድ ጊዜም ይጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወሊድ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን ከወለዱ በኋላ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን አለ። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ነገር ግን ያው አዋጅ በሃይማኖት ድርጅቶች ውስጥ ስላለ ሥራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ስለዚህ «ሕጉ አለ» ብላችሁ አትተኙ። ልኩን ከአዋጁ ውሰዱና በስምምነታችሁ ላይ አስፍሩት። ቀጣዩን ልጅ ስትወልጂ ያን ጊዜ ከመጨቃጨቅ ያድንሻል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንንም ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ በአንድ ላይ ነው የሚመዘገበው። ምዝገባው ወቅት ስላለው እንዳያመልጣችሁ።

የቢቸና ልጅ፦

እኔ ስለ እናትሽ ነው የምጽፈው፤ የኔም እናት እንደዚያው ነበሩና። በ80 ቀን ጉዳይ ሦስት ዓመት ተኳርፈናል። ጥቅስ እየጠቀስኩ ላሳምናቸው ስል ባሰ። እሳቸው ክርክር አይደለም የጎደላቸው። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ዘመድ ፊት የሚቀመጡበት ቀን ነው ያጡት።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ባለቤቴ፣ «እማዬን እንጥራና ልጃችንን ይመርቁልን» አለ። ጠራናቸው። ድግስ አልነበረም፤ ዳቦ ጋገርኩ፣ ቡና አፈላሁ። ልጄን ጭናቸው ላይ አድርጌ «መርቁልኝ» አልኳቸው። ረጅም ምርቃት መረቁ። እንባቸው የልጄ ፀጉር ላይ ወረደ። ስለ ክርስትናው ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም።

በጾም ከመጡ ደግሞ አዲስ ድስትና ማማሰያ ግዢ። ሥጋና ቅቤ ያልነካው፣ ለሳቸው ብቻ የሚሆን። ከመጡ በኋላ ሳይሆን ቀድመሽ ግዢና ከነማሰሪያው አሳዪያቸው። ልባቸው ሳይጠራጠር ይበላሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ እናቴ አራት ቀን በዳቦና በሻይ ቆይተው ሄደውብኛል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ፋሲካ እንደሆነ የሁላችንም በአንድ ቀን ነው፤ አብራችሁ ዋሉ።

ሌላ አንድ ነገር። የሰፈር እድር ገብታችኋል? ካልሆነ ጠይቁ። ባይቀበሏችሁ እንኳ ልቅሶ አትቅሩ። ባለቤትሽ ድንኳን ሲተከል እጁን ይስጥ። እናትሽ ጎረቤቶችሽ በደግ ሲያነሱሽ ከሰሙ ግማሹ ጭንቀታቸው ይለቃል። የሳቸው ፍርሃት «ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ናት» የሚል ነው።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፦

ወገኖቼ፣ ሳልመልስ ስለቆየሁ ይቅርታ። ልጄ ደኅና ናት። ክትባቷንም ወስዳለች።

ምድጃው በረንዳ ወጥቷል። ቆርቆሮውን የመቱልን የሐሙስ ልጆች ናቸው። አንዱ የግንበኛ ረዳት ነው፤ ጥግ ጥጉን በጭቃ ለስኖ ነፋስ እንዳያስገባ አደረገው። ለካ ሥራ ሲሰጣቸው እንዲህ ደስ ይላቸዋል። ሐሙስን ራሱ እሑድ ወደምንሰበሰብበት አዳራሽ አዛወርነው። ማክሰኞ እቤት ቀርቷል፤ በ2 ሰዓት ያልቃል። ባለቤቴ የመጀመሪያው ቀን ተነስቶ ሊጸልይ ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ስኒውን አጥበው፣ ወንበሩን ደርድረው ወጡ። ሁለቱ ጥናቱን መምራት እየተለማመዱ ነው። ባለቤቴ ጡረታ የወጡት ወንጌላዊ አባታችን ጋም ሄዶ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መጣ። የተባባሉትን አልነገረኝም። ማታ ግን ልጃችንን ራሱ አጥቦ አስተኛት።

ደብዳቤውን ልከናል። ቀን ቆረጡልን፤ ወር በገባ በ5 ይላካል። የእንግዳ ወጪውን ገና እየተነጋገሩበት ነው። ሰኞ አልተሳካልንም። ሁለቴ ሞክረን ሁለቴ ሰው መጣ። እንቀጥላለን።

እናቴ መጣች። ሁዳዴ ነውና አዲሱን ድስት ከነማሰሪያው አሳየኋት። ዝም ብላ ገለበጠችው፣ አየችው፣ «አጥቤ ልጣደው» አለች። በሶና ድርቆሽ ይዛ ነበር የመጣችው። ልጄን ስትመርቅልኝ እኔም እሷም አልቻልንም።

ትናንት ማታ ልጄን አዝላ ሽሮ እየነፋች፣ «እነዚያ ተማሪዎች ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«12 ሰዓት ላይ፤ በ2 ሰዓት ይሄዳሉ» አልኳት።

«እንግዲያ በ11 ሰዓት እጥደዋለሁ» አለች።