የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ 2 (ኅዳር 15 መግባት አለበት)

ጸሐፊ
ረቂቅ 2 ይኸው። 1,800,000 ብር፣ 12 ወር፣ ስድስቱም ማኅበር ይፈርማል። ዓላማው የተስማማንበት ነው፤ ጥቃት የደረሰባት ሴት ሆስፒታል ከገባችበት ሰዓት መዝገቧ እስኪወሰን ድረስ ያለውን ክፍተት መድፈን። ሀ) የሕክምና ማስረጃ ቅጽ በአማርኛ ከሥልጠና ጋር 310,000። ለ) የምስክሮች መጓጓዣና ውሎ አበል 640,000። ሐ) ቃሏን ቀድሞ በፍርድ ቤት ማስመዝገብ 260,000። መ) ቅያሪ ልብስ የያዘ ቦርሳ 120 ፍሬ 288,000። አስተዳደራዊ ወጪ 302,000። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ሲስተር
ሀ ላይ። ማስረጃው በእንግሊዝኛ ተሞነጫጭሮ ሲወጣ ፖሊሱ አያነበውም፣ ዐቃቤ ሕጉ ተርጉማችሁ አምጡ ብሎ ይመልሳል፣ ሳምንት ይሄዳል። ስለዚህ ቅጹ በአማርኛ ይሁን፣ ሁለት ገጽ አይለፍ። የፊትና የጀርባ የሰውነት ሥዕል ይኑረው፤ ቁስሉ በሴንቲ ሜትር፣ ከነቀለሙ ይመዝገብ። ጥቃቱ የደረሰበትና እሷ የደረሰችበት ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም፣ ከተጀመረም 28 ቀን ሳይቋረጥ ነው። የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ይደክማል። «የቆየ መሰንጠቅ ታይቷል» የሚለው የድንግልና ዓረፍተ ነገር ከቅጹ ይውጣ። ስለ መደፈሯ የሚለው ነገር የለም፤ ለተከሳሽ ጠበቃ ግን ሲሳይ ነው። በምትኩ «የጉዳት ምልክት አለመታየቱ ጥቃት አልደረሰም ማለት አይደለም» የሚል መስመር ታትሞ ይምጣ።

ጠበቃ
ሲስተር ካለችው ላይ አንድ ልጨምር። ጽንስ ለማቋረጥ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ማለት ከሕግ ውጭ ነው። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 552(2) የሴትዮዋ ቃል ብቻ ይበቃል ይላል። ቅጹ ግርጌ ላይ ይታተም፣ ተረኛው ሐኪም ለመጠየቅ እንዳይቸገር።

ሐን በተመለከተ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ፍርድ ቤት ቃል እንዲመዘግብ ይፈቅዳል። የፖሊስ ጣቢያዎች የሚያስታውሱት ተጠርጣሪው ሲያምን ብቻ ነው። የእሷ ቃል በመጀመሪያው ሳምንት ይመዝገብ፣ ሽማግሌ ቤቷ ሳይገባ። መደፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም፤ ዕርቅ መዝገብ አይዘጋም። የሚዘጋው ምስክር ጠፍቶ ማስረጃ አልበቃም ተብሎ በቁጥር 42 ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ተከሳሹ መስቀለኛ ጥያቄ አላቀረብኩም ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የተመዘገበው ቃል እሷን አይተካም፣ ያግዛታል እንጂ። ለዚህ ነው ለ የማይነካው፦ 80 መዝገብ፣ በመዝገብ 4 ምስክር፣ ሁለት ሁለት ቀጠሮ፣ በቀጠሮ 1,000 ብር። ቅጹን የጻፈው ሐኪም ተዛውሮ ሌላ ወረዳ ነው። አንዴ መጥቶ ቀጠሮው ከተለወጠ ሁለተኛ አይመጣም።

ወጣቶች
ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሁን። መ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ፣ ቦርሳው ላይ የስድስቱ ማኅበር ሎጎ የሚታተመው በምን ቅደም ተከተል ነው? የአምናው ባነር ላይ የኛ ከታች በስተቀኝ፣ ማንም በማያየው መጠን ነበር።

መጠለያ
ምን ሎጎ? ቦርሳው ላይ ምንም አይታተምም።

ወጣቶች
ለጋሹ ምን ሠራችሁ ሲል ምን እናሳያለን? ስድስት ማኅበር ፈርሞ ስም የሌለው ፌስታል እናድል?

መጠለያ
ቦርሳው ለምን እንደተያዘ አልገባህም። ሐኪሙ ልብሷን ለማስረጃ ሲወስድ የምትለብሰው የላትም፤ ወይ በሆስፒታል ጋውን ትሄዳለች፣ ወይ ልብሴን አልሰጥም ትላለች። ሁለተኛው ከሆነ ማስረጃው እቤት ይታጠባል። ቦርሳውን ይዛ የምትገባው ሰፈሯ ነው። የሴቶች ጥቃት መከላከያ የሚል ጽሑፍ ተሸክማ ከታክሲ ስትወርድ ጎረቤት ማንበብ ይችላል።

ነጋዴ ሴቶች
ከውስጥ በኩል ይታተም፣ ገበሩ ላይ። አለቀ።

መጠለያ
ባልየው ከውስጥ አያይም? ከተጠቂዎቹ ስንቷ ናት ከደፋሪዋ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያለችው!

ወጣቶች
ይቅር በይኝ፣ አንቺ ሁልጊዜ የኛን ሐሳብ ስታይ ባል ይታይሻል።

ጋሼ (አማካሪ)
ልጆች፣ ተዉ እንጂ። ስለ ቦርሳ ነው የምናወራው።

መጠለያ
ጋሼ፣ የአምናውን ባነር የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ (አማካሪ)
ፈረምኩ። አልክድም።

ሂሳብ
ዝም ብዬ ላስታውስ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም። 302,000 ወደ 17 በመቶ ገደማ ነው። ኅትመቱ 150 ብር በፍሬ ቢሆን 18,000 ነው፤ የፕሮግራም ወጪ ነው ብላችሁ ብትጽፉም ኦዲተሩ ማስታወቂያ ነው ካለ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ደግሞ የሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሳይኖር ለአንዱ ቦርሳ 2,400 ብር ከየት መጣ?

ነጋዴ ሴቶች
ፕሮፎርማውን እኛ እናመጣለን፣ እስከ ረቡዕ።

ሲስተር
ሎጎውን ስትጨርሱ የማስረጃ ማሸጊያውን አንብቡልኝ። ረቂቁ «የፕላስቲክ ከረጢት» ይላል። ይቀየር! እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል፣ ናሙናው ይበላሻል። አየር ላይ ደርቆ በካኪ ፖስታ ይታሸግ፣ እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ ቆማ ታውልቅ። ልብሱ አይራገፍ፤ መቀስ ካስፈለገ የተቀደደው ወይም እድፍ ያለበት ቦታ ላይ አይቆረጥ። ማሸጊያው ላይ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት። ፖሊሱ ሲረከብም እንደዚያው፤ በመሀል አንድ ፊርማ ከጎደለ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይሞታል።

ወጣቶች
ጥሩ። የሎጎው ጉዳይ ግን ድምፅ ይሰጥበት።

መጠለያ
በሴት ደኅንነት ላይ ድምፅ አልሰጥም። ማኅተማችንን አንሱ፣ ወጥተናል።

ጸሐፊ
ማንም አይወጣም። አምስት ከሆንን የለጋሹን የፕሮፖዛል ጥሪ አናሟላም፣ ዝቅተኛው ስድስት ማኅበር ነው።

ሃይማኖት ተቋማት ኅብረት
ሰው ገበያ የሚይዘው ዓይነት ጥቁር ወይም ቡናማ የጨርቅ ቦርሳ፣ ዚፕ ያለው፣ ምንም የማይል። ስማችን የርክክቡ ቀን ይታይ፤ ሆስፒታሉ ግቢ አጭር ሥነ ሥርዓት፣ ባነር፣ የዞን ኃላፊዎች። ፎቶው የቦርሳው እንጂ የሴቶቹ አይሆንም።

ወጣቶች
ባነሩ ላይ በፊደል ተራ ከሆነ ተስማምተናል።

መጠለያ
አንድም ሴት እዚያ ቀን ካልቀረበች፣ እሺ። ለአሁኑ እንቀጥል።

ነጋዴ ሴቶች
ቦርሳው መልካም ከሆነ ውስጡም ይስተካከል። ልባሽ አናድልም። ረጅም ቀሚስ፣ ሁለት ሙታንታ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙናና ሞዴስ አሉ፤ ነጠላ ግን የለም። ያለ ነጠላ ከሆስፒታል የምትወጣ የገጠር ሴት ሁሉም ዞሮ ያያታል። ፊቷን የምትከልልበት ይኑራት።

ሲስተር
እውነት ነው። የሕፃናት ልክም የለም። 120 ሁሉ የአዋቂ ከሆነ ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ልናለብስ ነው?

ሂሳብ
ነጠላ ሲጨመር 3,600 ይገባል። ሕፃናትን ጨምሮ 200 ፍሬ ካልን 720,000። ሥነ ሥርዓቱ ባነር፣ ሻይ ቡና፣ ድምፅ ማጉያ፣ ድንኳን 85,000። ጣሪያው 1,800,000 ነው፣ አይዘልም። ከየት ይነሣ?

ወጣቶች
ከ«ለ»። ምስክር ፍርድ ቤቱ ራሱ ይጠራል።

ጠበቃ
ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ይልካል እንጂ አውቶቡስ አይልክም።

ጸሐፊ
በለጋሹ ዓይን ካየነው ቦርሳው ይቆጠራል፣ ይታያል። ምስክር ቀረበ የሚለው በፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቀጠሮው ቢራዘም ሪፖርታችን ባዶ ይሆናል። ለ 208,000 ይሁን፣ ሥነ ሥርዓቱ ከሐ ይነሣ፤ ሐ 175,000 ይቀራል።

ጠበቃ
208,000 በእኔ ስሌት 26 መዝገብ ነው። ከ80 ወደ 26። አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት የሚሠራው የሕፃናት ችሎት ዓይነት፣ ልጅቷ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ የምትመሰክርበት፣ ረቂቅ 1 ላይ ነበር። እሱስ የት ሄደ?

ጸሐፊ
ሁለተኛ ምዕራፍ።

ጠበቃ
ለሁለተኛ ምዕራፍ ጥሪ ወጥቷል?

ሃይማኖት ተቋማት ኅብረት
አልወጣም። ባለን እንጀምር።

ሂሳብ
ረቡዕ አልፏል። ፕሮፎርማው?

ሂሳብ
ነጋዴ ሴቶች?

ሲስተር
ከማክሰኞ ጀምሮ መልእክት አላዩም።

ጋሼ (አማካሪ)
የማውቃቸው የልብስ ሱቅ ባለቤቶች አሉ፣ ሁለት። ሦስተኛውን ሌላ ሰው ይፈልግ። ደረሰኝ የሚሰጥ ይሁን።

ጸሐፊ
ረቂቅ 3 ተጭኗል። ርዕሱ ከይዘቱ ጋር ስላልሄደ «የክብር ልብስ አቅርቦትና የሕክምና ማስረጃ ማጠናከሪያ» ብዬዋለሁ። የፍትሕ ተደራሽነት የሚለው መግቢያው ላይ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ አለ። ነገ እስከ 11 ሰዓት ማኅተም አምጡ።

ጠበቃ
የማስረጃ ማሸጊያው አሁንም ፕላስቲክ ይላል። ገጽ 7።

ጸሐፊ
አስተካክላለሁ። የነጠላው ጥለት ምን ቀለም ይሁን?