ኮሚቴው ሁሉ «አንዲት ሴት ትኑርበት» ሲል፣ ምርምሩን መቼ እንሥራ?

ጠያቂዋ፦
በምሠራበት ትምህርት ክፍል ያለነው ሴቶች ሦስት ብቻ ነን። ኮሚቴ በተዋቀረ ቁጥር «አንዲት ሴት ትኑርበት» ስለሚባል፣ በዚህ ዓመት ብቻ በስድስት ኮሚቴዎች ተመድቤአለሁ፤ በአራቱ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔው ነኝ። የማዕረግ ዕድገት ሲጠየቅ ግን የሚቆጠረው የታተመ ምርምር እንጂ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አይደለም። ጉዳዩን ለኃላፊያችን ባነሳ «ሴቶች ለማስተባበር ሥራ ይመቻሉ፤ ደግሞም ደስ ብሏችሁ ነው የምትሠሩት» አሉኝ። በክፋት እንዳልተናገሩት አምናለሁ። ታዲያ ይህን የዝንባሌ ልዩነት ልበለው ወይስ መድልዎ?

ታዛቢ፦
እኅቴ፣ መድልዎ ከባድ ቃል ስለሆነ ቆጥበን ብንጠቀምበት እመርጣለሁ። ዌንዲ ዊሊያምስና ስቲቨን ሲሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በብቃት እኩል ከተደረጉ ምናባዊ አመልካቾች መካከል በጥቅሉ ሴቷን 2 ለ1 በሆነ ብልጫ መርጠዋል። እርስዎም ቢሆኑ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

ቀመር፦
ያ ጥናት የሚመለከተው ቅጥርን ነው፤ ጠያቂዋ ያነሱት ደግሞ ከተቀጠሩ በኋላ የሚመጣውን። ለዚህ ይበልጥ የሚቀርበው ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። ተሳታፊዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይቧደናሉ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከመካከላቸው ማንም ቁልፍ ካልተጫነ ሁሉም 1 ዶላር ብቻ ያገኛሉ፤ አንዱ ከተጫነ ግን ለእሱ 1.25፣ ለሁለቱ 2 ዶላር ይደርሳቸዋል። ሁሉም ሥራው እንዲሠራ ይፈልጋል፣ ማንም ግን ራሱ ሊሠራው አይሻም፤ ልክ እንደ ቃለ ጉባኤው። ሴትና ወንድ በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶቹ ከወንዶቹ በ50 በመቶ ገደማ በልጠው ራሳቸውን አቀረቡ። ነገሩን የሚገልጠው ቀጣዩ ውጤት ነው፦ ወንዶች ብቻቸውን ሲቧደኑ፣ ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚጫኑትን ያህል ተጫኑ። ዝንባሌ ቢሆን ኖሮ የወንዶቹ ቡድን ሥራውን ጥሎ በተነሳ ነበር። የሆነው ግን ሴት ባለችበት ሁሉም እሷን ይጠብቃል፣ እሷም እንደምትጠበቅ ታውቃለች። አንድ ሰው መርጦ እንዲጠይቅ ሲደረግም፣ ጠያቂው ወንድም ሆነ ሴት፣ ጥያቄውን አብዝቶ ያቀረበው ለሴቶች ነው። ስለዚህ እርስዎ እምቢ ቢሉ ሥራው ወደ ወንዶቹ አይሄድም፤ ከሁለቱ ሴቶች ወደ አንዷ ይዞራል።

ጡረተኛዋ፦
ቀድሞ ነገሩ በደንብ ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ጣት ለመቀሰር አያስቸግርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የፊዚክስ ኖቤልን የተካፈለችው ማሪያ ጎፐርት ማየር፣ ባልና ሚስት በአንድ ተቋም እንዳይቀጠሩ በሚከለክል አሠራር ምክንያት ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርታለች፤ ሙሉ ደመወዝ ያለው የፕሮፌሰርነት ቦታ ያገኘችው በ1960 ነው። ዛሬ ግን የሚከለክል ደንብ የለም፣ ሥራው ብቻ እየተንሸራተተ ይመጣል። በፖለቲካውም ያው ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕገ መንግሥቷ 30 በመቶ የውሳኔ ሰጪነት ቦታ ለሴቶች አስቀምጣ፣ በ2008 ከምክር ቤት አባላቷ ከግማሽ በላይ ሴቶች ሆነዋል፤ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ኮታ መቀመጫ እንጂ ሥራ አያከፋፍልም፦ በብዙ አገሮች ምክር ቤቶች ሴቶች ወደ ማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚቴ ሲመሩ፣ መከላከያና በጀት በወንዶች እጅ ይቆያሉ።

ታዛቢ፦
የወንዶቹን ቡድን ውጤት ከዚህ በፊት ስላላየሁት፣ ስለ እምቢታው ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን ጫናውን ያመጣው «አንዲት ሴት ትኑርበት» የሚለው ኮታ ራሱ ከሆነ፣ ለምን አይቀርም?

ጠያቂዋ፦
እንዲቀር አልፈልግም፤ ሴት በሌለበት የቅጥር ኮሚቴ ተመዝኜ ስለማውቅ። የምጠይቀው ውሳኔ በሚሰጥባቸው ኮሚቴዎች ሴት እንድትኖር፣ የግብዣ ዝግጅቱና ቃለ ጉባኤው ግን በስም ፊደል ቅደም ተከተል ተራ እንዲወጣለት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርበዋለሁ፤ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ የምጽፈውም ለጊዜው እኔው ነኝ።