«መከላከያ» ሲባል ሠራዊት ብቻ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። የባዮሎጂ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። አንጀት ራሱን ከባክቴሪያ እንዴት እንደሚጠብቅ ያወራል፤ ጸሐፊው «ኢኔት ኢሚዩኒቲ» (ሰውነት ከውልደት ጀምሮ ያለው በሽታን የመቋቋም አቅም) የሚለውን «ተፈጥሯዊ መከላከያ» ብሎታል። እኔ ግን «መከላከያ» ሲባል ሠራዊቱ ነው ቶሎ የሚመጣብኝ። ሌላ ቃል አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «መከላከያ»ን አትንካው። ሥሩ «ከለከለ» ነው። ዋናው ሐሳቡ «አታልፍም» ማለት ነው፤ መግደል የመጣው ከሠራዊቱ ጋር ነው። የአንጀትም ዋና ሥራ ይኸው ነው። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ይኖራል፣ አብዛኛው ምንም አያደርገንም፣ ሆድ ያልፈጨውን አሰር እያብላላ የሚጠቅመንም አለ፤ ሁሉንም ልጨርስ ቢል የሚጎዳው ራሱ ነው። ስለዚህ ያርቃቸዋል።

መጀመሪያ የጨጓራ አሲድ አለ። የኮሌራ ባክቴሪያ አብዛኛው እዚያው ያልቃል፤ ለዚህ ነው ሰው ለመታመም በጣም ብዙ ባክቴሪያ መዋጥ ያለበት። ሺጌላ የሚባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ ግን አሲዱን ስለሚቋቋም ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ይበቁታል።

ቀጥሎ ንፍጥ። ቃሉን አትፈሩት፤ ክሊኒክ ስንሄድ «ተቅማጡ ደም ወይም ንፍጥ አለው?» ተብለን የምንጠየቀው እሱው ነው። በትልቁ አንጀት ንፍጡ ሁለት ንብርብር ነው። በላይኛው ባክቴሪያዎች እንደልባቸው ይኖራሉ፣ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር የተጣበቀው የውስጠኛው ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጤነኛ ሰው ላይ ባክቴሪያ የለበትም ማለት ይቻላል።

በትንሹ አንጀት ደግሞ ፓኔት የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ስማቸው እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ እነሱ ከጻፈው ከኦስትሪያዊው ዮሴፍ ፓኔት የመጣ ነው። የአንጀቱ ግድግዳ ላይ ካሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር ተቀምጠው ዲፌንሲን የሚባሉ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ አጫጭር ፕሮቲኖች ይረጫሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳወቀው፣ እንባና ምራቃችን ውስጥም ያለው ባክቴሪያ ገዳዩ ላይሶዛይምም ከእነሱ ይወጣል። እርግጥ እዚህ ጋ መግደል አለ፤ ግን እዚያው ደጃፉ ላይ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የማንቂያው አቀማመጥ ነው። የባክቴሪያን ጭራ የሚለይ «ቶል መሰል ተቀባይ 5» የሚባል ፕሮቲን አለ («ቶል» በጀርመንኛ «ግሩም» ማለት ነው)። በትልቁ አንጀት ሴሎች ላይ ይህ ተቀባይ በብዛት የሚገኘው ምግብ በሚያልፍበት በኩል ሳይሆን በጀርባቸው፣ ወደ ሰውነታችን ባለው ጎን ነው። ባክቴሪያው መተላለፊያው ውስጥ እስካለ ዝም፤ ግድግዳውን አልፎ ከገባ ግን ወዲያው መልእክት ይላካል፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ይጎርፋሉ። ቃሉን ከዚህ በላይ የሚያስረዳልኝ ነገር የለም።

ቅር የሚለኝ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ነው። ለአንባቢ ወይ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይመስለዋል፣ ወይ በኮቪድ ጊዜ እንደተለመደው ታሞ የዳነ ሰው ያገኘውን መከላከያ። ያ ደግሞ ሰውነት በኋላ የተማረው ነው፣ ልክ በክትባት እንደሚማረው። ይሄኛው ግን ባክቴሪያውን ከዚህ በፊት ባያየውም ይሠራል። እኔ «አብሮ የሚወለድ መከላከያ» እላለሁ።

ሌላ መልስ፦ በ«አብሮ የሚወለድ» እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ «ጨጓራዬን ላጠው» የምንለውስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባባሉ ሰው ሲያናድደን የምንለው ነው፤ ከባክቴሪያ ጋር አይገናኝም። መላጥ ግን አንጀት ውስጥ በእውነት አለ። የአንጀት ሽፋን ሴሎች ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ቀን ነው፤ ከሥር አዲስ ይበቅላል፣ ያረጀው ተልጦ ይወድቃል። ባክቴሪያ የገባበት ሴል ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ ተገፍቶ ይወጣል፣ ከነያዘው ባክቴሪያ በሰገራ ይሄዳል። በአባባላችን መላጥ ጉዳት ነው፣ ለአንጀት ግን አንዱ መከላከያው ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። «አብሮ የሚወለድ መከላከያ» ብዬ አርሜዋለሁ። ጸሐፊው «ዝልግልግ ፈሳሽ» ያለውንም «ንፍጥ» አድርጌዋለሁ።