የተተከለው ጥርሴ ላልቷል፣ ይሸታልም። ብሎኑን ራሴ ባጠብቀው ችግር አለው?

እንቅልፍ ያጣች፦
ሰላም ናችሁ። አስቸኳይ ነው። ኢምፕላንቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይነቃነቃል። በምላሴ ስገፋው ጠቅ ጠቅ ይላል። ስነክስበት ደግሞ ከሥሩ ፈሳሽ ነገር ጭርር ብሎ ይወጣና የተበላሸ እንቁላል ጣዕም አፌ ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በጥርስ ክር አጸዳሁና ክሩን አሸተትኩት። ሁለተኛ አላሸትም። ሐኪሜ እስከ ሰኞ የለም። ውስጡ ብሎን እንዳለው አውቃለሁ፣ ሲያጠብቁት ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ የመነጽር ካቻቢቴ አለኝ። ላጥብቀው? ደግሞስ ብረት እንዴት ይሸታል? ብረት አይበሰብስ! በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ እኮ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ።

ሁሌ ተጉመጥማጭ፦
ክሎርሄክሲዲን ተጉመጥመጥ ወንድሜ። ጠዋትና ማታ። ለኔ በሦስት ቀን ሽታው ጠፍቷል።

ዝም አልልም፦
የመነጽር ካቻቢቴ ለመነጽር ነው። ጥርስህ ካላነበበ ተወው።

እንቅልፍ ያጣች፦
እህታችሁ ነኝ፣ ወንድማችሁ አይደለሁም። ተጉመጥምጬ ነበር፣ ለአንድ ሰዓት ይጠፋና ይመለሳል። ማኘክ ስጀምር እንደገና ነው።

ነጭ ጋዋን፦
የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ ግን እዚህ ሆኜ አላየሁዎትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄ። የሚነቃነቀው ከላይ ያለው ክራውን፣ ማለትም ጥርስ የሚመስለው ክፍል ነው ወይስ ጠቅላላው? መቼ ተተከለ? ክራውኑ በሲሚንቶ የተለጠፈ ነው ወይስ በብሎን የታሰረ? አናቱ ላይ ከጥርሱ ትንሽ ለየት ያለ ቀለም ያላት ክብ ነጥብ አለች? ድድዎ ይደማል? መግል አለ? ፊትዎ አብጧል፣ ትኩሳት አለዎት? ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ሰኞን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ካቻቢቴውን ግን እባክዎ ያስቀምጡ።

እንቅልፍ ያጣች፦
አንቺ በለኝ ዶክተር፣ እርስዎ ስትለኝ የባሰ ፈራሁ። ትኩሳት የለኝም፣ አላበጠም። ስቦርሽ ትንሽ ይደማል። ክብ ነጥብ አለች፣ በስልኬ መብራት አየኋት። ከተተከለ አራት ዓመት ይሆነዋል። ሌላውን አላውቅም።

ቶርኖ ቤት፦
እኔ የጥርስ ሰው አይደለሁም፣ ብረት ቆራጭ ነኝ። ግን ጥያቄሽ የብረት ጥያቄ ስለሆነ ልመልስ። ሁለት ብረት ስታገጣጥሚ ምንም ያህል ብታለሰልሺው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በማጉያ ብታዪው ፊቱ ተራራና ሸለቆ ነው። ብሎን ስታጠብቂ ብሎኑ ራሱ እንደ ስፕሪንግ ትንሽ ይለጠጣል፣ ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘው ያ ውጥረት ነው። ከዚያ ተራሮቹ ይደቆሳሉ፣ ብሎኑ ትንሽ ይረግባል። ለዚህ ነው ደህና ሠራተኛ አጥብቆ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ደግሞ በዚያው ልክ የሚያጠብቀው። ጥርስ ላይም እንደዚያ እንደሚሠሩ አንብቤያለሁ። በስሜት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠብቀው። እኛ የምንሠራው ትልቅ ብሎን ነው፣ እነሱ በኒውተን ሴንቲ ሜትር ነው የሚቆጥሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 35፣ እንደ አምራቹ። በጣት የምታጠብቂው እዚያ አይደርስም። ከመጠን ካለፈ ደግሞ ብሎኑ ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ብሎን ከጠባብ ጉድጓድ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ኢምፕላንት የሚገጥመው በሾጣጣ ነው፣ ሞርስ ቴፐር ይሉታል፣ ከኛ ማሽን ነው የወሰዱት። የመሰርሰሪያው ጫፍ ያለ ብሎን ተነክሶ የሚቀረው በዚያ ነው። ግን ከርዕስ ወጣሁ።

ዝም አልልም፦
ጓርኒሲዮን የለውም እንዴ? አንድ ጎማ ነገር ቢደረግበት?

ቶርኖ ቤት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሳቅክበት እንጂ። እኔም እሱኑ ነው የገረመኝ።

የማልስማማ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል ባይ ነኝ። «ብረት አይበሰብስም» አልሽ። ማን ብረቱ ሸተተ አለሽ? ኢምፕላንት ውስጡ ክፍት ነው፣ ብሎኑ የሚገባበት ጉድጓድ አለው። አጥንት ውስጥ ያለው ክፍልና ከላይ የሚገባው፣ ክራውኑን የሚሸከመው አባትመንት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን ክፍተት ይቀራል። በደንብ ተገጥሞም ቢሆን የጥቂት ማይክሮን ክፍተት ይኖረዋል። ባክቴሪያ ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ማይክሮን ገደማ ናቸው። አንድ ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ አስቢው። በር ዘጋሁ ብለሽ ታች ዝሆን የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንደመተው ነው። ከገቡ በኋላ ሞቅ ያለ፣ ምራቅ ያለበት፣ አየር የሌለበት ክፍል አገኙ። እዚያ የሚመቻቸው አየር የማይፈልጉት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሲበሉ የድኝ ጋዝ ያወጣሉ። የእንቁላሉ ሽታ ያ ነው። ስለዚህ «ሐኪሜ አበላሸው» ብሎ ለመክሰስ አትቸኩዪ፣ ሁለት ክፍል የሆነ ኢምፕላንት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያስገባል።

እንቅልፍ ያጣች፦
እከሳለሁ አላልኩም እኮ!!

የማልስማማ፦
ልትዪ ነበር።

ነጭ ጋዋን፦
የማልስማማ ስለ ክፍተቱ ልክ ነው። «ሁሉም ያስገባል» ብሎ ማለፍ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም መጠኑ ይለያያል። ሾጣጣ መገጣጠሚያ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ በውጪ ባለ ስድስት ጎን ከሚገጥመው ያነሰ ያስገባል፣ ማኘክን የሚመስል ጫና ሲደረግበት ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ያልተስማማ፣ ለሌላ አምራች የተሠራ አባትመንት ከተገጠመ ደግሞ ክፍተቱ ሊሰፋ ይችላል።

አንቺ ላይ ግን ዋናው ነገር መላላቱ ነው። ነጥቧ ካለች ክራውንሽ በብሎን የታሰረ ሊሆን ይችላል፣ ነጥቧ የብሎኑ ቀዳዳ መሙያ ናት። የላላ ብሎን ያለበት መገጣጠሚያ እንደ ፓምፕ ነው የሚሠራው። ስትነክሺ ይከፈታል፣ ስትለቂ ይዘጋል፣ በየንክሻው ምራቁን ከነባክቴሪያው ይስባል፣ ውስጥ የተጠራቀመውን ደግሞ ወደ ድድሽ ይተፋል። ጭርር ያልሽው ይሄ ይመስለኛል። መጉመጥመጫ ለአንድ ሰዓት የሚረዳሽም ለዚህ ነው፣ የውጪውን ያጥባል፣ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። በመርፌም ሆነ በክኒን የሚሰጥ አንቲባዮቲክም እዚያ ውስጥ የደም ሥር ስለሌለ አይደርስም።

ሁሌ ተጉመጥማጭ፦
ክሎርሄክሲዲን ግን 0.2 በመቶም 0.12 በመቶም አለ። 

ዝም አልልም፦
ወንድሜ አንተ የፋብሪካው አክሲዮን አለህ?

መሳሪያ አቀባይ፦
እኔ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ፣ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያቺን ነጭ ነጥብ በመሰርሰሪያ ያነሳታል። ከሥሯ ቴፍሎን አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀልለው ዓይነት ነጭ ክር። ሲገባ በረዶ የመሰለ ነበር። ሲወጣ ቢጫና ርጥብ ነው፣ ሲስቡት ይለጠጣል። ከዚያ ብሎኑ ሲፈታ ሽታው ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ዝም እንላለን፣ ታካሚውን ላለማሳፈር። አንዴ አንድ አባት ራሳቸው «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ። እርስዎ አይደሉም፣ ጉድጓዱ ነው አልናቸው፣ ሳቁ። አንቺም አትፈሪ፣ በየጊዜው እናየዋለን።

እንቅልፍ ያጣች፦
ከሁሉ የረዳኝ ይሄ ነው። ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?

መሳሪያ አቀባይ፦
ውስጡ ይታጠባል፣ ይደርቃል። አብዛኞቹ ክሎርሄክሲዲን ጄል ያደርጉበታል (ይኸው ሁሌ ተጉመጥማጭ፣ ደስ ይበልህ፣ ቦታው እዚያ ነው)። ጓርኒሲዮን ለጠየቀው፣ ክፍተቱን ለመሙላት ሲሊኮን የሚመስል ማሸጊያም አለ፣ የሚጠቀሙ አሉ። አሮጌው ብሎን ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ አንዴ ተለጥጦ የረገበ ብሎን መልሶ ይረግባል። በአዲስ ይተካል፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከተቆየ በኋላ ማጥበቁ ይደገማል። ከዚያ ራጅ፣ በትክክል መቀመጡን ለማየት። አዲስ ቴፍሎን፣ መሙያ፣ አለቀ።

የማልስማማ፦
ለምን ላላ የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀም። ማታ ጥርስ የምታፋጭ ከሆነ አዲሱም ይላላል።

ነጭ ጋዋን፦
ልክ ነህ፣ ያንን ይመረምራሉ። የሚያፋጭ ሰው የሌሊት መከላከያ ሊሠራለት ይችላል። እኔ ከሁሉ በላይ ማየት የምፈልገው ግን አጥንቱን ነው። ድድ ብቻ ከተቆጣ፣ ምክንያቱ ተነስቶ ከጸዳ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አጥንት መሟሟት ከጀመረ ግን ማቆም ነው እንጂ ወደ ነበረበት መመለስ ከባድ ነው። መግልና መድማት ካለ፣ ከበፊቱ ራጅ ጋር ተነጻጽሮ አጥንቱ ዝቅ ካለ፣ ሌላ ሕክምና ነው የሚጀመረው። የድሮ ራጅሽ ካለ ይዘሽ ሂጂ። ክራውኑ ብቻ ሳይሆን አጥንት ውስጥ ያለው ራሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ከአጥንቱ ጋር መያያዙ ቀርቷል ማለት ነው፣ ያኔ ብዙውን ጊዜ ይወጣል። አንቺ ጠቅ ጠቅ ይላል ያልሽው ለብሎን የቀረበ ነው፣ እርግጠኛ የሚሆነው ግን ያየው ነው።

እስከ ሰኞ፦ በዚያ በኩል አታኝኪ። የላላ ብሎን ላይ መንከስ ነው ብሎን የሚቆርጠው። በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳትሽን ቀጥዪ። ድንገት ከወጣ እንዳትውጪው፣ በተለይ ተኝተሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። በንጹሕ ዕቃ አስቀምጪው። ሱፐር ግሉ የሚባል ነገር አታስቢ። ክራውኑና አባትመንቱ ከወጡ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድዱ ክፍቱ ላይ ቶሎ ይዘጋበታል፣ ለሐኪምሽ ተረኛ ደውዪ።

እንቅልፍ ያጣች፦
ሱፐር ግሉ ያሰብኩት በምን አወቅህ? 😅 እሺ። ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እንቅልፍ ያጣች፦
ሰኞ ነው። ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ሐኪሜ ጓንት ሊቀይር ወጣ ስላለ ነው የምጽፈው። ነጥቧ ተነሳች። ቴፍሎኑ እንዳለችው ቢጫ ነው፣ ረዳቷ እንደተባለውም ዝም አለች። እኔ ነኝ የሳቅኩት። ብሎኑ በግማሽ ዙር ብቻ ነው የወጣው፣ ምንም አልያዘም ነበር። አሁን ለራጅ እየጠበቅኩ ነው፣ አጥንቱን አይቼ እመለሳለሁ።

ቶርኖ ቤት፦
ግማሽ ዙር! አላልኳችሁም? ከወጣ ብሎኑን ስጡኝ በይ፣ ፎቶውን ለጥፊው፣ የብሎኑ ጥርስ መበላቱን እናያለን።

ነጭ ጋዋን፦
ራጁ እንዴት ሆነ?

መሳሪያ አቀባይ፦
እኛም እየጠበቅን ነው። ሁለት ሳምንት ሆነ።

ሁሌ ተጉመጥማጭ፦
ቀለም ስለሚያስይዝ ከሁለት ሳምንት በላይ ግን አትጉመጥመጪው።