ቤቴን በአሮጌ ዕቃ ላሳምር ብዬ እናቴ "ምናለሽ ተራ አደረግሽው" አለችኝ

የጀሞዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ ተከራይቼ ከገባሁ ሰባት ወር ሆነኝ ግን ቤቱ እስካሁን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ፍራሽ አለ ፍሪጅ አለ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ በቃ። ፈርኒቸር ቤት ያልዞርኩት የለም፣ የትም ብትሄዱ ያው ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋና ወርቅማ እግር ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ነው፣ ዋጋው ደግሞ አይወራ፣ ለዛውም ቺፑድ ሆኖ ውሃ ሲነካው እንደ ህብስት የሚነፋ።

ታዲያ ለፋሲካ ጉለሌ አያቴ ጋ ሄጄ ጓዳዋን ስበረብር ባለ ሶስት እግር የጅማ በርጩማ (ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የለውም)፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ አምስት ብርሌ እና አንድ የቆዳ ሻንጣ አገኘሁ። ውሰጂው ልጄ ለቆራሌው ልሰጠው ነበር አለችኝ፣ እኔም ሁለቴ አላስነገርኳትም። ከዛ ቀን ጀምሮ በቃ ለከፈኝ። የሰፈር ቆራሌው ላይ የእንጨት ሳጥን ያለው የድሮ ራዲዮ አይቼ 900 ብር ገዛሁ፣ አይሰራም ግን ሲያምር!

ባለፈው እሁድ እማዬ መጣች፣ በሩ ላይ ቆም ብላ ዙሪያውን አየችና "ምነው ልጄ ቤቱን ምናለሽ ተራ አደረግሽው" አትለኝም፣ መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ማለቷ ነው። ስቄ አሳለፍኩት ግን ከነከነኝ።

አሁን የጓደኛዬ ቤተሰቦች የድሮ ቡፌ ሊሸጡ ነው፣ ዋንዛ ነው ይላሉ፣ ባለ ሁለት መስታወት በር፣ 7 ሺ ብለውኛል፣ አንዱ እግሩ ግን የተበላ ነገር አለው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? የበላው ነገር ወደ ሌላው ዕቃዬ ይዞራል? ሌላ ደግሞ የት ልፈልግ፣ ምናለሽ ተራ አንዴ ብቻዬን ሄጄ ጠፋሁም ተበላሁም። እና ዋናው ጥያቄዬ ቤቴ የባህል ምግብ ቤት እንዳይመስል ምን ላድርግ፣ ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር ብቻ ነው የቀረኝ።

ሰጋቱራ፦
አናጢ ነኝ አባቴም አናጢ ነበር ስለ ቡፌው ልንገርሽ። መጀመሪያ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጪውና ገልብጠሽ እዪ፣ ውጪው ሁሌም ይዋሻል፣ መሳቢያ ስር ግን ማንም ቀለም አይቀባም። ጥጉ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሶ የተያዘ ከሆነ ጥሩ ስራ ነው፣ በምስማር ብቻ ከተመታ ተራ ስራ ነው። ጀርባውን እዪው፣ ኮምፔርሳቶ ከሆነ በኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላል፣ ጣውላ ከሆነ ጥሩ። ዋንዛ በመጠኑ ልክ አይከብድም፣ ለዛ ነው ከበሮ የሚፈለፈለው ከሱ የሆነው።

እግሩ ላይ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ካየሽ ነቀዝ ነው፣ ጥያቄው አሁንም አለ ወይስ ድሮ በልቶ ሄዷል ነው። እግሩ ስር ጥቁር ወረቀት አንጥፈሽ ሳምንት ተዪው፣ ነጭ ዱቄት ከፈሰሰ አለ ማለት ነው፣ ካለ ወደ ሌላ እንጨትሽም ይዞራል ስለዚህ ሳይታከም ቤት አታስገቢው። ጭቃ የመሰለ መስመር ካየሽበት ደግሞ ነቀዝ ሳይሆን ምስጥ ነው። አንድ እግር ብቻ ከሆነ ቆርጦ በሌላ ዋንዛ መቀጠል የግማሽ ቀን ስራ ነው።

7 ሺ ዋንዛ ከሆነ አይወደድም። ዛሬ አዲስ የዋንዛ ቡፌ አሰራለሁ ብትዪ ጣውላው ራሱ ከየት ይመጣል፣ በ1986ቱ የደን አዋጅ እኮ ዋንዛ ከዝግባ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግስት ደን እንዳይቆረጥ ከተከለከሉት አንዱ ነበር። ለዛ ነው እኔ አሮጌ ቁምሳጥን ሲጣል ካየሁ መኪና የማስቆመው።

አንድ ልመና ብቻ፣ ገዝተሽ ስታበቂ ያንን እንደ ቴምር የሚያብለጨልጭ ቨርኒሽ አታስቀቢው በናትሽ። በ120 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ ከዛ በ240፣ ስንጥቁን ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሰሽ ድፈኚው (ስሜን ያገኘሁት ከዚሁ ነው)፣ ከላይ ሰም ወይ ስስ ዘይት ይበቃዋል። የቆየ ቀለም ያለው ከሆነ ግን ማስክ አድርጊ፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለህፃን ደግሞ መርዝ ነው። እና ከመግዛትሽ በፊት ደረጃሽን ለኪ!!!

ሽቅርቅሯ፦
እኔ የሰው አሮጌ ዕቃ ቤቴ አላስገባም፣ ማን እንደሞተበት ሳታውቂ። የሰው ዛር ይዞብሽ ይመጣል።

ሰጋቱራ፦
ስለ ዛሩ አላውቅም፣ ትኋኑ ግን እርግጠኛ ነው ሀሀሀ። የምሬን ነው፣ ስፖንጅ ያለው ሶፋና ፍራሽ ከማታውቂው ሰው በነፃም ቢሆን አትውሰጂ። እንጨትና ብረት ከሆነ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ፣ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ከዛ ሳምንት በረንዳ ላይ ማቆየት። ነጭ ጋዝ የሚቀቡ አሉ እኔ ለቤት ውስጥ ዕቃ አልወደውም፣ እሳት ነው።

አብነት ያደግኩ፦
የጀሞዋ፣ ምናለሽ ተራ የተበላሽው እኮ ዕቃውን ስትወጂው አይተውሽ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሳይሆን ፊትሽን ነው የሚያየው። ፋኖስ ከፈለግሽ ስለ ቆርቆሮ ጠይቂ፣ ስለ ምጣድ ጠይቂ፣ ልትሄጂ ስትዪ ደግሞ "ይሄስ ስንት ነው" በዪ እንደዋዛ። ስሙ ራሱ እኮ ምን አለሽ ነው፣ ሻጩም ገዢውም እርስ በርሱ ምን አለሽ የሚባባልበት ቦታ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው አብዛኛው እዛ ነው የሚራገፈው፣ እነሱ ደግሞ ለብረቱ ክብደት ነው የሚገዙት፣ ቆርቆሮ ያለው እያሉ ነው ቆራሌው የተባሉት ይባላል። ስለዚህ የሲንጀር ስፌት መኪና እግር ለነሱ ብረት ነው፣ ላንቺ ግን ጠረጴዛ ነው፣ ላዩ ላይ ጣውላ ካሳረፍሽበት። ልዩነቱ እዛ ጋ ነው ያለው። በጠዋት ሂጂ፣ በስራ ቀን፣ ቦርሳ ሳትይዢ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ።

ከሱ ግን የሰፈርሽን ቆራሌው ወዳጅ አድርጊው። ስልክሽን ስጪው፣ እንጨትና የሸክላ ዕቃ ካገኘህ መርካቶ ሳትደርስ ደውልልኝ በይው። እኔ ያለኝ ምርጥ ነገር ሁሉ እንደዛ የመጣ ነው።

የመስሪያ ቤት ጨረታም አለ፣ የድሮ ጠንካራ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይወጣል፣ ችግሩ በጅምላ ነው የሚሸጡት ሲፒኦም (የባንክ ማስያዣ) ማሲያዝ አለብሽ፣ አንድ ጠረጴዛ ፈልገሽ አርባ ወንበር ይሸከሙሻል። ሶስት አራት ሆናችሁ ካልሆነ ተዪው።

አንድ ነገር ግን፣ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ የቤተክርስቲያን ስዕል ምናምን አምጥቶ "የጥንት ነው" የሚልሽን ሰው ራቂው። ወይ ትናንት ተሰርቶ በጭስ የጠቆረ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነት ከሆነ የተሰረቀ ነው፣ ሁለቱም አያዋጣሽም። ቅርስን የሚመለከት አዋጅ አለ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ዲያስፖራ ዘመድ ካላችሁ ንገሩልኝ።

ብርሌው፦
ማንም የዘፈን ሸክላ በምስማር ግድግዳ ላይ የሚመታ ሰው ካለ ከኔ ጋር ተጣልቷል። ካፌዎች ጀምረውታል ደግሞ። የ60ዎቹ ሸክላ ነው እኮ የምትበሱት፣ እነ አምሃ ሪከርድስ ያሳተሙት ውጪ አገር ሰው እየፈለገ በስንት ብር ይገዛዋል። የምትበሱት ካማራችሁ የተጫጫረ የፈረንጅ ሸክላ ብሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እዚህ ሰው ሲሞት ወይ ሲያረጅ ልጆቹ ቤቱን ከፍተው ዕቃውን በሁለት ቀን ይሸጡታል፣ እስቴት ሴል ይሉታል። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግማሽ ዋጋ ነው እኔ ያኔ ነው የምሄደው። ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ አንድ የሽማግሌ ፈረንጅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የንግስተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍል የሚተርከው የጨርቅ ስዕል ተጠቅልሎ! 15 ዶላር። ሰውየው በ60ዎቹ በፈረንጅ ማለቴ ነው ፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ) ሆኖ ኢትዮጵያ ያስተምር ነበር አለችኝ ልጁ። ፒስ ኮር ኢትዮጵያ የገባው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሲመለሱ የኖሩት ዋሽንግተን ዙሪያ ነው መሰለኝ፣ ምክንያቱም መሶብና የቀንድ ዋንጫ እዚህ ሰፈር ተደጋግሞ አጋጥሞኛል። አገሬ ሳለሁ ቱሪስት ዕቃ ብዬ ዞሬ የማላየውን ስዕል እዚህ ሳገኘው መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሳሎኔ ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ሌላ ምንም የለም እዛ ግድግዳ ላይ።

የጀሞዋ፣ አንቺ ከሚወጡ ፈረንጆች መግዛትም ትችያለሽ፣ ኤምባሲና ድርጅት የሚሰሩት ሲሄዱ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ግን ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 110 ቮልት ነው ተጠንቀቂ። የጠረጴዛ መብራት ችግር የለውም፣ አምፖሉን 220 አድርገሽ ሶኬቱን ታስቀይሪያለሽ፣ አለቀ። ሸክላ ማጫወቻ ግን ትራንስፎርመር ብታደርጊለትም አንዳንዱ ሞተሩ በ60 ኸርዝ የሚሄድ ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ 50 ነው፣ ዘፈኑ እየጎተተ ይወጣል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆንብሻለች። ወንድሜ ላይ ደርሷል። ያንን 900 ብር ራዲዮሽንም ዝም ብለሽ እንዳትሰኪው፣ ስንት ዓመት የቆመ ነገር ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሊፈነዳ ይችላል፣ ራዲዮ ሰሪ ይክፈተው መጀመሪያ።

የካዛንቺሷ፦
ልጄ እኔ ኢንተርኔት ላይ ብዙ አልጽፍም የልጅ ልጄ ናት ይሄንን ያሳየችኝ። እናትሽ የተናገረችው ጥላቻ አይደለም። እኛ በዛ ዕቃ መሃል ስላደግን ድህነታችንን ነው የሚያስታውሰን፣ ፋኖስ ስታይ አንቺ ጌጥ ታያለሽ እኔ መብራት የጠፋበትን ሌሊትና የጋዝ ሽታ ነው የማየው። ቡፌ ያለው ቤት ደግሞ ባለጠጋ ነበር፣ ብርጭቆው ለእንግዳ ብቻ ነው ቁልፉ እናታችን መቀነት ላይ ነው።

የባህል ምግብ ቤት እንዳይመስል ካልሽ ዕቃው ስራ ይኑረው። ብርሌውን ደርድረሽ አቧራ ከምታስቆጪው ጠጅ ቅጂበት፣ ባይሆን ብርዝ። በርጩማው ላይ ሰው ይቀመጥ። ሻንጣው ውስጥ ብርድልብስሽን ክተቺ። ምግብ ቤት ምግብ ቤት የሚሸተው ዕቃው ስለማይነካ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሶብ ምን ይሰራል፣ እንጀራ ወደላይ አይበላ። ደግሞ ሁሉንም አንድ ክፍል አታድርጊው። ለእናትሽ አንድ ጥግ ተዪላት ዳንቴል ታልብስበት፣ ትረካለች።

ካዛንቺስ ለልማት ስንነሳ እኔም የእናቴን ቁምሳጥን በ3 ሺ ብር ሰጠሁት። የተሰጠን ኮንዶሚኒየም ደረጃው አላስወጣው አለ፣ ጊዜም አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ እንደዛው ነው፣ አልጋው ቡፌው ሙቀጫው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ደላላ እንደ ጥንብ አንሳ ሲዞረን ነበር። ይሄ አሁን እናንተ የምትገዙት ዕቃ ብዙው እንደዛ የወጣ ነው። አትግዙ ማለቴ አይደለም፣ ግዙ፣ ባትገዙት ማገዶ ነው የሚሆነው። ብቻ ስትከራከሩ ሻጩ ባለቤቱ ከሆነ ብዙ አትጫኑት።

የጀሞዋ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእርስዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰምታ "እውነቷን ነው፣ የጋዝ ሽታው" አለች።

ቡፌውን ገዛሁት! ዋጋውን አልተከራከርኩም (የእርስዎ ጽሁፍ ነው ያሳፈረኝ)። ጥቁር ወረቀቱ ላይ ምንም አልወረደም፣ ያረጀ ቀዳዳ ነው። ሰጋቱራ እንዳልከው ደረጃውን ለካሁ፣ በአራት ሳንቲም አልበቃ አለ፣ ከዛ የላዩና የታቹ ክፍል የተለያየ መሆኑን ጠጋ ብለን ስናይ አገኘን፣ በእንጨት ሽብልቅ ነበር የተያያዘው፣ ለሁለት ከፍለን አወጣነው። አሁን ታችኛው ሳሎን ነው ላይኛውን ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር።

ሰጋቱራ፦
እንዳትሰቅዪው! ኮንዶሚኒየም ውስጥ የክፍል ማካፈያው ብዙ ጊዜ አግሮስቶን የሚባለው ቀላል ቦርድ ነው፣ አንኳኪው፣ ድው ድው ካለ ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸር አይይዝም፣ ሌሊት ላይ ከነብርሌሽ ይወርዳል። በቦታው መልሰሽ አቁሚው፣ እሱ እንደዛ እንዲቆም ነው የተሰራው።

አብነት ያደግኩ፦
እማማ ካዛንቺስ፣ ቁምሳጥኑ ምልክት ነበረው? በየትኛው ወር ነው የሰጡት? ከካዛንቺስ የወጣውን የያዙ ሁለት ሶስት ልጆች አውቃለሁ፣ ትልልቅ ቁምሳጥን ቶሎ አይሸጥም፣ ሊኖር ይችላል።

የካዛንቺሷ፦
ጥቅምት ላይ ነው። ባለ ሶስት በር ነው፣ የመሃሉ መስታወት ነው፣ የግራው በር ከውስጥ በኩል የልጆቼ ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል የሶስቱም። ግን ተወው ልጄ፣ ብታገኘውስ የት አስገባዋለሁ። ካገኘኸው የበሩን ውስጥ ብቻ ፎቶ አንሳልኝ።