መስኖ ሲዘረጋ ማጠንፈፊያው ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ከ«ወንዝ ዳር»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የውኃና የግብርና ባለሙያዎች።

በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ልማት ላይ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ቀድሞ ጥጥ ብቻ ይለማባቸው በነበሩና አሁን የበጋ መስኖ ስንዴ በሚዘራባቸው ማሳዎች ላይ አፈሩ በጨው እየነጣ የሚታይባቸው ቦታዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፉ ነው። ጉድጓድ ስንቆፍር በአንዳንድ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውኃ ለሰብሉ ሥር በጣም ቀርቦ እናገኘዋለን። ገበሬዎቹም ሆኑ ከፊል አርብቶ አደሮቹ የሚጠይቁን ተጨማሪ ውኃ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ያለውን ትርፍ ውኃ ከሥር ማውጣት ይመስለኛል።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በብድርም ሆነ በዕርዳታ የሚሠሩ የመስኖ ፕሮጀክቶችን ሰነድ ስመለከት፣ ግድቡ፣ የውኃ መጥለፊያውና ዋናው ቦይ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይገባሉ፤ ትርፉን ውኃ ከሥር የሚያወጣው ማጠንፈፊያ ግን «በቀጣይ እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ ይታለፋል፤ ያ ቀጣይ ምዕራፍም ብዙ ጊዜ አይመጣም። በዓለም አቀፍ ትብብር ማጠንፈፊያን በትክክል የሠሩ አገሮች የትኞቹ ናቸው? እንዴትስ ተሳካላቸው? እኛስ ከአጋሮቻችን ጋር በምንደራደርበት ጊዜ አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ምንድን ነው? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ከ«ጡረተኛው መሐንዲስ»

ያነሡት ጉዳይ ሊቆጠርና ሊሰላ የሚችል ስለሆነ ከስሌቱ ብጀምር ይሻላል። ጨዋማነቱ 0.5 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ፣ ማለትም ማንም ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ ለመስኖ የሚቀበለው ውኃ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 320 ግራም የሚሆን ጨው ይይዛል። በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ብናጠጣ ወደ ማሳው ከ3 ቶን በላይ ጨው አስገባን ማለት ነው። ሰብሉ ውኃውን ይጠጣል፣ ፀሐይዋም ታተናለች፤ ጨው ግን አይተንም፣ ሰብሉም የሚወስደው እጅግ ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ጨውን አጥቦ የሚወስድ ትርፍ ውኃና ያ ትርፍ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ከሌለ፣ መስኖው በቆየ ቁጥር መሬቱ መበላሸቱ አይቀርም። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ካለ ደግሞ ጨው ከታችም እየተሳበ ይወጣል።

የአዋሽ ተፋሰስ በዓለም አቀፍ ትብብር የተጠናውና የለማው ከሌሎቹ ተፋሰሶቻችን ቀድሞ ነው። የወንጂን ስኳር ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ጀመረ (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፤ በተባበሩት መንግሥታት ልዩ ፈንድ ገንዘብና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) አማካይነት የተካሄደው ሰፊ የተፋሰስ ጥናት ደግሞ በ1965 ታተመ። በዚያ ዘመን አፈሩ፣ የውኃው መጠንና ሊለማ የሚችለው መሬት በጥንቃቄ ተለክቷል። የጎደለው ልኬት አልነበረም፤ ውኃው ከገባ በኋላ ከሥር የሚሆነውን እየተከታተለ የሚያስተካክል ቋሚ አካል ነው።

በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሳዲ እርሻዎች የሆነውን እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። መስኖው ከተስፋፋ በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍ አለ፤ በዚያ ይለማ የነበረው ሙዝ ደግሞ ጨውንም ሆነ ውኃ የተኛበትን መሬት የማይችል ተክል ስለሆነ በመጀመሪያ የተጎዳው እርሱ ነበር። በ1980ዎቹ ከመሬት በታች የሚቀበር የማጠንፈፊያ ቧንቧ ተዘርግቷል። ሥራው በምሕንድስና ረገድ የሚናቅ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ መሰብሰቢያ ቦዮቹ ካልተጠረጉና ውኃው የሚወጣበት አፍ ከተደፈነ የተቀበረ ቧንቧ ምንም አይፈይድም። የእርሻዎቹ አስተዳደር ሲለዋወጥ ጥገናው ባለቤት አጣ። ይህን የምለው የትኛውንም ወገን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገሩን በቅርብ ስላየሁትና እስከ ዛሬም ስለሚቆጨኝ ነው።

ከዚያው ከአዋሽ ሳንወጣ የበሰቃን ሐይቅ ልብ ይበሉ። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የመስፋቱ ምክንያት ምን ያህሉ በአካባቢው ካለው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከምድር ውስጥ የሚመጣ ፍል ውኃ እንደሆነ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ለታችኛው ተጠቃሚ ግን ውጤቱ ያው ነው፤ ጨዋማው ውኃ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል፣ እናንተም ያንኑ ውኃ ታጠጣላችሁ።

ምላሽ፦ ከ«ዴልታ»

ጋሼ ካሉት ልቀጥል። ትምህርቴን የተከታተልኩት በውኃ ማጠንፈፍ ላይ ስለሆነ የግብፅን ነገር በመጠኑ አውቀዋለሁ። በአባይ ውኃ ላይ ያለን የፖለቲካ ልዩነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ በአንዱ ጉዳይ ከእነርሱ መማር የሚያሳፍር አይደለም።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ በደለል ሜዳው ላይ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ተቻለ፤ በዚያው ልክ የከርሰ ምድሩ ውኃ መውጣቱና የጨዋማነቱ ችግር ባሰ። ግብፅ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለአባይ ዴልታ ማጠንፈፊያ ብድር ወሰደች፤ በ1973 ደግሞ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ የማጠንፈፊያ ፕሮጀክቶች ባለሥልጣን አቋቋመች። በእኔ አስተያየት የስኬቱ ግማሽ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማጠንፈፊያው የመስኖ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ክፍል ቢሆን ኖሮ፣ በጀት በጠበበ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ይሆን ነበር። ገበሬውም የቧንቧውን ወጪ ያለ ወለድ በ20 ዓመት እየከፈለ እንዲመልስ ስለተደረገ ነገሩ የመንግሥት ስጦታ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ሌላው ግማሽ ከሆላንድ ጋር የነበራቸው የአማካሪ ጉባኤ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ይህ ጉባኤ የሁለቱን አገሮች ባለሙያዎች በቋሚነት እያገናኘ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ዘልቋል። ፕሮጀክት ሲያልቅ አማካሪው ሻንጣውን ይዞ አይጠፋም ነበር፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ያው ቧንቧ እንዴት እንደሆነ ይጠየቅበታል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሩዝ የሚዘሩ ገበሬዎች የተቀበረው ማጠንፈፊያ የማሳቸውን ውኃ ስለጨረሰባቸው መሰብሰቢያውን ባገኙት ጭቃና ገለባ ይደፍኑት ነበር። ተመራማሪዎቹ ገበሬውን ከመክሰስ ይልቅ ሩዝ የሚዘራበት ክፍል ለብቻው የሚዘጋበትን ንድፍ አወጡ። እንዲህ ያለው መፍትሔ ጊዜና ትዕግሥት ባለው ትብብር እንጂ በሦስት ዓመት ውል አይገኝም።

ይሁን እንጂ የግብፅን ንድፍ እንዳለ ወደ አዋሽ ማምጣት አደገኛ ነው። የዴልታው ትርፍ ውኃ በመጨረሻ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። አዋሽ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ ነው፤ በአሚባራ ከማሳ ያወጣነው ጨው ወደ ወንዙ ከተመለሰ መድረሻው በታችኛው አዋሽ በዱብቲ፣ በአሳይታና በአፋምቦ ያለው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። ስለዚህ ከቧንቧው ዓይነትና ጥልቀት በፊት «ጨው የት ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት።

የፓኪስታን ልምድ ይህን በከባድ ዋጋ ያስተምራል። በሲንድ ክፍለ ሀገር በዓለም ባንክና በሌሎች አበዳሪዎች ድጋፍ በኢንደስ ግራ ዳርቻ የተሠራው ትልቁ የማጠንፈፊያ ቦይ ሰፊ መሬት ያጠነፍፋል ተብሎ ነበር። ቦዩን ከባሕር ጋር የሚያገናኘው የመጨረሻ ክፍል ግን በማዕበልና በአውሎ ነፋስ ፈረሰ፤ በ2003 ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ በታችኛው ጫፍ ያሉ ነዋሪዎች በጎርፍ ተጎዱ፣ አቤቱታቸውም እስከ ባንኩ የምርመራ ጉባኤ ደረሰ። በላይኛው ተፋሰስ ያለው ገበሬ ጥቅም ያገኘበት ሥራ በታችኛው ላይ ጉዳት ሆነ።

ለእኛ የሚሻለው በመጀመሪያ የሚገባውን ውኃ መቀነስ ይመስለኛል፦ መሬቱን በሚገባ ማስተካከል፣ ትልሙን ማሳጠር፣ የዋናውን ቦይ ስርገት መከላከል። የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ደግሞ ጨው የሚችል መኖ ለማልማት ሊውል ይችላል። በዚህ ረገድ ዱባይ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የጨዋማ ግብርና ማዕከል ከእኛ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቷል፤ በወረር የግብርና ምርምር ማዕከልም ሮደስን የመሳሰሉ ሣሮች በጨዋማ አፈር ላይ ተሞክረዋል። ለአርብቶ አደሩ ማኅበረሰብ መኖ ከስንዴ ያነሰ ሀብት ስላልሆነ ይህ መንገድ ከቧንቧው እኩል ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል እላለሁ።

ምላሽ፦ ከ«ጥቁር አፈር»

በአንድ ነጥብ ብቻ ልጨምር። እዚህ ላይ ማጠንፈፍ የቆላ መስኖ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ እፈራለሁ። በደጋው ሚሊዮኖች ሄክታር የሚሸፍነው ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) መሬት ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ገበሬው መስከረምን ጠብቆ በቀረው እርጥበት ብቻ ለመዝራት ይገደዳል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እያፈሰ ሰፊ መደብና የውኃ መውረጃ ሲያበጅ ኖሯል። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል፣ በህንድ የሚገኘው የከፊል በረሃ ሰብሎች ምርምር ተቋምና የአገራችን ተቋማት በጋራ በጀመሩት ፕሮጀክት በበሬ የሚጎተተው የመደብ ማውጫ፣ በተለምዶ ቢቢኤም የምንለው መሣሪያ የተሻሻለው ከዚህ ዕውቀት በመነሣት ነው። መነሻው በገበሬው እጅ የነበረ ትብብር ስለሆነ ለድርድር ስትቀመጡ ይህንን ምሳሌ ብትይዙት ይጠቅማችኋል።

ከ«ወንዝ ዳር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወንዙ መጨረሻ ጉዳይ በእኛ ሰነድ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ብቻ የተጠቀሰ ስለሆነ እንደገና እንዲታይ አቀርባለሁ። አንድ ጥያቄ ልድገም፦ ጥገናውን ማን ይክፈል? የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ለቦይ ጠረጋ ጉልበት ያወጣሉ፤ ለማያዩት የተቀበረ ቧንቧ ግን ገንዘብ እንዲያዋጡ ማሳመን ከባድ ሆኖብናል።

ምላሽ፦ ከ«ጡረተኛው መሐንዲስ»

ሰው ላላየው ነገር አይከፍልም፤ ስለዚህ እንዲያየው ማድረግ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ማኅበራቱ ከአባላት ክፍያ እንዲሰበስቡና አውታሩን እንዲጠግኑ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷቸዋል። በሕጉ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የሚቀረው ማስረጃው ነው፤ እርሱም ውድ አይደለም። ሦስት ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ ጎኑ የተበሳሳ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የምልከታ ጉድጓድ የምንለው፣ በማሳው መካከል ይተከላል፤ ከማኅበሩ የተመረጠ ሰውም በየወሩ ውኃው ምን ያህል እንደቀረበ በሜትር ለክቶ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያነባል። ውኃው ከሁለት ሜትር አልፎ ወደ ላይ መምጣት ሲጀምር፣ ጨው በዓይን ከመታየቱ በፊት፣ ገበሬው ራሱ ማጠንፈፊያውን ይጠይቃል።

ስለ ሰብሉም ቢሆን ቁጥሩን ይንገሯቸው። ጥጥ የአፈር ጨዋማነት 7.7 ዴሲሲመንስ በሜትር እስኪደርስ፣ ስንዴ 6 እስኪደርስ ምርቱ ብዙ አይቀንስም፤ በቆሎ ግን ከ1.7፣ ሽንኩርት ከ1.2 በላይ ማሽቆልቆል ይጀምራል። የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ወደ ሽንኩርት ለመዞር የሚያስብ ማኅበር ያለ ማጠንፈፊያ ሊያደርገው እንደማይችል ከዚህ ይረዳል።

ከአበዳሪው ጋር ስትደራደሩ ደግሞ የምልከታ ጉድጓዶቹ የመጀመሪያው ውኃ ከመለቀቁ በፊት እንዲተከሉ፣ ክትትሉም ግንባታው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለአሥር ዓመት እንዲቀጥልና ገንዘቡ ከዋናው ውል ጋር አብሮ እንዲያዝ ጠይቁ። የጉድጓዱን ንድፍና የምንጠቀምበትን የልኬት መመዝገቢያ ቅጽ በእጄ ስላለ ነገ ጠዋት እዚሁ እለጥፈዋለሁ።