ለጥቂት ሰው ተብሎ ጌም ፖርት ይደረጋል?

የጠባሴው፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ መብራት ሄደብን፤ እዚህ እንጨርሰው። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ጥቂት ሰው ወደሚጠቀምበት ሲስተም፣ በሉ ወደ ሊኑክስ ወይ ወደ ማክ፣ ማዞር (ፖርት ማድረግ የሚሉት) ያዋጣል? እኔ አያዋጣም ባይ ነኝ። ሮኬት ሊግ የሚባለውን ጌም እዩ። በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ማክና ሊኑክስ ላይ ኦንላይን መጫወት ቀረ። ሠሪዎቹ የሁለቱ ተጫዋች ተደምሮ 0.3 በመቶ እንኳን አይሞላም አሉ። ከሺህ ሦስት ሰው መሆኑ ነው። ለሦስት ሰው ድንኳን ይጣላል?

የደብረ ሲናዋ፦ ከሦስቱ አንዷ እኔ ብሆንስ? ወንድሜ ተምሮባት የተወልኝ ላፕቶፕ አለች፤ ራሟ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ ስትከፍት እንደ ወፍጮ ቤት ትጮሃለች። ሊኑክስ ጫነልኝና አረፍኩ። አሁን ታናሽ እህቴ ሱፐር ተክስ ካርት የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ትነዳባታለች። የግራ ቀስቷ ስለተነቀለ ከሥር የቀረችውን ጎማ በጥፍሯ እየተጫነች ነው የምትታጠፈው። እና ታሸንፈኛለች! ለዚች ላፕቶፕ ብሎ የሠራው ሰው የለም፤ ግን ደረሰን።

ሞላሌ፦ የኔ እህት፣ እሱ ከመጀመሪያው ለሁሉም ታስቦ የተሠራ ነፃ ጌም ነው። ለገበያ የሚሠራው ሌላ ነው። እኔ እንጀራዬ ኮድ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማዞሩ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መውለዱ ቀላል፣ ማሳደጉ ነው ጣጣው። አፕል በ2019 ካታሊና የሚባለውን የማክ ሲስተም ሲያወጣ፣ በድሮው 32 ቢት አሠራር የተሠራ ፕሮግራም በሙሉ እሱ ላይ መሥራት አቆመ። ስንት ተለፍቶባቸው ወደ ማክ የዞሩ የድሮ ጌሞች አብረው ቀሩ።

የጠባሴው፦ አያችሁ!

ጋሽ መሐል ሜዳ፦ ቀስ በል ልጄ። ሎኪ የሚባል ኩባንያ ነበር። በ1998 ተቋቋመ፤ ሥራው የሰው ጌም ወደ ሊኑክስ ማዞር ነበር። ከስሮ በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። እስከዚህ ድረስ አንተ ረታህ። ግን እዚያ ይሠራ የነበረው ሳም ላንቲንጋ ኤስዲኤል የሚባል ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ፣ ጻፈ። ጌሙ ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ኪቦርዱን በየሲስተሙ ቋንቋ ለየብቻ መለመን ቀረለት። ለኤስዲኤል ይነግረዋል፤ እሱ ያደርስለታል። ኩባንያው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፤ ላይብረሪው ዛሬም ስንት ጌም ውስጥ ተደብቆ ይሠራል። አዲሱ ሱፐር ተክስ ካርትም ይጠቀምበታል። የዚያች ልጅ ጥፍር የሚያዘው በሱ በኩል ነው እንግዲህ። ይሄን ከየትኛው ሽያጭ ላይ ትደምረዋለህ?

የጠባሴው፦ ጋሼ፣ ለኪሳራ ጥሩ ተዝካር ነው። ሌላው ኩባንያ ግን ለተዝካር ብሎ አይከስርም።

ሞላሌ፦ ጋሽዬ ሳያውቁት የኔን ነጥብ አገዙልኝ። ጌም አንድ በአንድ ማዞር ጣርማ በርን በበቅሎ መውጣት ነው። ዋሻው ከተቆፈረ በኋላ ግን ሁሉም መኪና ያልፋል። ቫልቭ የሚባለው የጌም ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፕሮተን የሚባል ፕሮግራም ዋሻው ነው፤ የዊንዶውሱን ጌም እንዳለ ሊኑክስ ላይ ያስነሳዋል። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ፣ በሊኑክስ የሚሠራው የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ፣ አብዛኛውን ጌም የሚያጫውተው በሱ ነው። ታዲያ ጌም ሠሪው ምን አደከመው?

የደብረ ሲናዋ፦ ዋሻው ላይም ኬላ አለ እኮ። አፔክስ ሌጀንድስ የሚባለው የኦንላይን ጌም በፕሮተን ይሠራ ነበር። በ2024 መጨረሻ፣ አጭበርባሪ በዚያ በኩል ይገባል ብለው ሊኑክስን በሙሉ ዘጉ። ስቲም ዴክ የገዛውም አብሮ ውጭ ቀረ። ባለቤቱ ካልፈለገህ ዋሻ አያሳልፍህም። እኔ የምለው ፖርት አድርጉ ሳይሆን ቢያንስ አትዝጉ ነው።

የጠባሴው፦ እሺ፣ ብቻን በሚጫወቱት ላይ ተረትቻለሁ። በፕሮተን ይሂዱ። ኦንላይኑ ላይ ግን ንቅንቅ አልልም፤ በየሳምንቱ አፕዴት፣ በየሳምንቱ አዲስ አጭበርባሪ። ለ0.3 በመቶ ማን ያድራል?

ጋሽ መሐል ሜዳ፦ አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ከወጣሽ ላፕቶፗን ይዘሻት ነይ። የተበላሹ ኪቦርዶች አሉኝ፤ አንድ የግራ ቀስት አይጠፋም።